ያልተጻፈው መስፈርት፦ ስለ ሆኪ የዝና አዳራሽ የሚደረገው ክርክር ለምን አይቋጭም?

የሆኪ የዝና አዳራሽ በጁን 2025 የዓመቱን ተመራጮች ዝርዝር ሲያወጣ ዝዴኖ ቻራ፣ ጆ ቶርንተንና ደንከን ኪት በውስጡ መኖራቸው ብዙም አላነጋገረም፤ ሦስቱም ለምርጫ በበቁበት የመጀመሪያ ዓመት ይገባሉ ተብለው ሲጠበቁ የቆዩ ናቸው። ያነጋገረው የቀድሞው ሩሲያዊ አጥቂ የአሌክሳንደር ሞጊልኒ ስም ነው። ሞጊልኒ ለመመረጥ ብቁ የሆነው በ2009 ስለነበር ይህ ቀን የደረሰለት ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት አንድም ግብ አላስቆጠረም፤ አንድም ዋንጫ አላነሳም፤ መዝገቡ ጫማውን በሰቀለበት ቀን እንደነበረ ነው። በ2024 ያልተመረጠ ሰው በ2025 የተመረጠው ታዲያ ምን ተለውጦ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከተቋሙ የተሰጠ መልስ የለም፤ በተቋሙ አሠራር ሊሰጥም አይችልም። ደጋፊዎችና ጋዜጠኞች የየተጫዋቹን ቁጥር እየደረደሩ በየዓመቱ የሚከራከሩት፣ ቁጥሩ በምን እንደሚመዘን የሚነግራቸው ሰነድ ሳይኖር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አዳራሹ ምንድን ነው?

የዝና አዳራሽ፣ በእንግሊዝኛው መጠሪያ ሆል ኦፍ ፌም፣ በአንድ ሙያ ላቅ ያለ ስም ያተረፉ ሰዎች በቋሚነት የሚዘከሩበት ተቋም ነው። በሰሜን አሜሪካ ትልልቆቹ ስፖርቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። የሆኪው በ1943 ተመሥርቶ የመጀመሪያዎቹን ተመራጮች በ1945 ያስታወቀ ሲሆን ከ1993 ጀምሮ የሚገኘው በመሀል ቶሮንቶ፣ ያንግና ፍሮንት የተባሉት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ ቀድሞ የባንክ ቅርንጫፍ በነበረ አሮጌና ውብ ሕንፃ ውስጥ ነው። ቶሮንቶ ከሚኖሩት የአማርኛ ተናጋሪዎች መካከል ምን እንደሆነ ሳያውቁ በደጁ የሚያልፉ እንደማይጠፉ መገመት ይቻላል።

እዚህ ሆኪ የምንለው በበረዶ ላይ የሚካሄደውን ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ የብረት ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ፣ ፓክ የምትባለውን ጠፍጣፋና ክብ ጎማ በዱላ እየገፉና እየመቱ ወደ ግብ ይልካሉ። ኤንኤችኤል በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ በካናዳና በአሜሪካ የሚገኙ ቡድኖችን የያዘ ሲሆን የሊጉ ባለድል ስታንሊ ዋንጫን ይወስዳል። በስታቲስቲክሱ ውስጥ «ነጥብ» ማለት አንድ ተጫዋች ያስቆጠራቸው ግቦችና አሲስት የሚባሉት፣ ሌላው እንዲያስቆጥር ያቀበላቸው ፓኮች ድምር ነው።

ድምፁ እንዴት ይሰጣል?

ምርጫውን የሚያካሂደው 18 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። በውስጡ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ የቡድን ሥራ አስኪያጆችና ጋዜጠኞች ይገኙበታል። አንድ ተጫዋች ለምርጫ የሚበቃው ከመጨረሻ ጨዋታው በኋላ ቢያንስ 3 የውድድር ዘመን ሲያልፍ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 ወንድና ከ2 ሴት ተጫዋቾች በላይ አይመረጥም፤ «ገንቢዎች» ተብለው ለሚጠሩት አሠልጣኞች፣ አስተዳዳሪዎችና ስፖርቱን በሌላ መንገድ ላሳደጉ ሰዎች የተለየ መደብ አለ። ቀደም ባለው ጊዜ የጥበቃው ዘመን ለጥቂት እጅግ ታላላቅ ሰዎች ይነሣላቸው ነበር፤ የመጨረሻው በ1999 ጨዋታ አቁሞ በዚያው ዓመት የገባው ዌይን ግሬትስኪ ነው።

ወሳኙ ቁጥር 14 ነው። ከ18 ድምፅ 14ቱን ያላገኘ ዕጩ አይገባም፤ በሌላ አነጋገር 5 ሰዎች እምቢ ካሉ በሩ ይዘጋል ማለት ነው። ድምፅ አሰጣጡ ምስጢራዊ ነው፤ ውይይቱም ከክፍሉ አይወጣም። ማን ምን ያህል ድምፅ እንዳገኘ ቀርቶ በዚያ ዓመት በዕጩነት የቀረቡት እነማን እንደነበሩ እንኳ ለሕዝብ አይነገርም። ስለዚህ ሞጊልኒ በእነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ በየጊዜው በአንድ ድምፅ እየተሸነፈ ይሁን፣ ወይም ለዓመታት ስሙን ያነሣ አባል ጠፍቶ ይሁን፣ ከክፍሉ ውጭ ያለ ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ የቦታ እጥረት ነው። ይህ ማብራሪያ ከፊል እውነት አለው። ኤንኤችኤል ከ1942 እስከ 1967 ድረስ 6 ቡድኖች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ 32 ናቸው፤ ጨዋታ የሚያቆሙ ታላላቅ ተጫዋቾች ቁጥርም በዚያው ልክ አድጓል። ነገር ግን መዝገቡ ሲታይ ወንበሮቹ ሁልጊዜ እንደማይሞሉ ይታወቃል። በ2010 የተመረጠው ወንድ ተጫዋች ዲኖ ቺካሬሊ ብቻ ነበር፤ በ2024 የገቡት ወንዶች ደግሞ 3 ናቸው፤ ፓቬል ዳትሱክ፣ ጄረሚ ሮኒክና ሼይ ዌበር። ሞጊልኒ በቀጣዩ ዓመት ሲመረጥ ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ወንበር ባዶውን ቀርቶ ነበር ማለት ነው። የጎደለው ስምምነት እንጂ ወንበር አልነበረም።

ግብ ጠባቂዎቹ፦ የመስፈርቱ ፈተና

ደንቡ ኮሚቴው የዕጩውን የመጫወት ችሎታ፣ ስፖርታዊ ጨዋነት፣ ባህርይ፣ እንዲሁም ለቡድኑና ለስፖርቱ ያበረከተውን አስተዋጽኦ እንዲመዝን ያዛል። ለአንዱ ምን ያህል፣ ለሌላው ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። ይህ ክፍተት ከየትኛውም ቦታ በላይ ጎልቶ የሚታየው በግብ ጠባቂዎቹ ላይ ነው።

ከርቲስ ጆሴፍ በኤንኤችኤል መደበኛ የውድድር ዘመን 454 ጨዋታዎችን አሸንፏል፤ ስታንሊ ዋንጫን ግን አንሥቶ አያውቅም፤ አዳራሹም እስከ 2025 ምርጫ ድረስ አልተቀበለውም። «ዋንጫ የለውማ» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ሆኖም ሄንሪክ ሉንድክቪስት 459 አሸንፎ፣ እሱም ያለ ዋንጫ፣ በ2023 በመጀመሪያው ዕድሉ ገብቷል። ሮቤርቶ ሉዎንጎም 489 አሸንፎ ያለ ዋንጫ በ2022 እንዲሁ በመጀመሪያው ዕድሉ ተመርጧል። እንግዲያው ዋንጫ ግዴታ አይደለም። በቂ ነው እንዳንል ደግሞ ክሪስ ኦስጉድ አለ። ኦስጉድ 401 ጨዋታዎችን ያሸነፈ፣ ከዲትሮይት ጋር በ1997፣ በ1998 እና በ2008 ዋንጫ ያነሣ ግብ ጠባቂ ሆኖ ሳለ ውጭ ቆሟል። በ1997ቱ የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች የዲትሮይትን ግብ የጠበቀው ማይክ ቨርነን ሲሆን ኦስጉድ ያን ጊዜ ተጠባባቂ ነበረ። ቨርነን 385 ድልና 2 ዋንጫ ይዞ ጨዋታ ካቆመ ከ21 ዓመት በኋላ በ2023 ገባ። በዚያው ዓመት የገባው ቶም ባራሶ ደግሞ 369 ድልና 2 ዋንጫ አለው።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሊያሰምርባቸው ቢሞክር አይሆንለትም። ለኮሚቴው ፍትሐዊ ለመሆን ግን ድል በራሱ አሳሳች መለኪያ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል። ጨዋታ የሚያሸንፈው ቡድን ነው፤ ድሉ በግብ ጠባቂው ስም የሚመዘገበው በልማድ ነው። የኦስጉድ ተቃዋሚዎች የሚያነሡትም ይህንኑ ነው፤ ከፊቱ የነበረው የዲትሮይት ቡድን በዘመኑ ከነበሩት ኃያላን አንዱ ስለነበር ለሌላ ግብ ጠባቂም ቢሆን ብዙ ድል ያስገኝ ነበር ይላሉ። በተጨማሪም እስከ 2004 ድረስ በጭማሪ ሰዓት ያልተለየ የመደበኛ ዘመን ጨዋታ በአቻ ያበቃ ነበር፤ ከ2005 ወዲህ ግን በፍጹም ቅጣት ምት ዓይነት መለያ አንደኛው ቡድን የግድ ያሸንፋል። ስለዚህ የሉንድክቪስት 459 እና የጆሴፍ 454 አንድ ዓይነት ሚዛን ላይ የወጡ ቁጥሮች አይደሉም፤ እርማት ይደረግ ቢባል የሚጠቅመው ጆሴፍን ነው።

ሽልማትስ? ቬዚና የሚባለው የዓመቱ ምርጥ ግብ ጠባቂ ሽልማት ለጆሴፍ ተሰጥቶት አያውቅም። ለሉዎንጎም አልተሰጠውም። ቲም ቶማስ ግን በ2009 እና በ2011 ሁለት ጊዜ ወስዶ፣ በ2011 ስታንሊ ዋንጫን ከቦስተን ጋር አንሥቶ፣ በዚያው ጥሎ ማለፍ ኮከብ ተብሎ ተሸልሞ ሳለ አልተመረጠም፤ ምክንያቱ ምናልባት በከፍታው ላይ የቆየባቸው ዓመታት ማነስ ይሆናል። «ምናልባት» የምንለው ሌላ ቃል ስለሌለን ነው።

ጥቂት የሚያበሩ ዓመታት ወይስ ረጅም መዝገብ?

በአጥቂዎች ዘንድ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል። አንደኛው ወገን አንድ ተጫዋች በምርጥ ዓመታቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ ነበር ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ወገን ስንት ዓመት ቆሞ ምን አከማቸ ይላል። ኮሚቴው ሁለቱንም መንገዶች ተከትሏል። ጉልበቱ ተጎድቶ ቀድሞ ያቆመው ፓቬል ቡሬ በ702 ጨዋታ 437 ግብ ይዞ በ2012 ገባ። ካም ኒሊ በ726 ጨዋታ 395 ግብ ይዞ በ2005 ገብቷል። ጭንቅላቱ ላይ በደረሱ ተደጋጋሚ ጉዳቶች ጉዞው ያጠረበት ኤሪክ ሊንድሮስ ግን በ760 ጨዋታ 865 ነጥብ እያለው ከ2010 እስከ 2016 ጠብቋል። በሌላው ጫፍ 1,327 ነጥብ ያከማቸው ፒየር ተርዦን አለ፤ ዋንጫ የሌለው በመሆኑም ይሁን በሌላ፣ ከ2010 እስከ 2023 ደጅ ጠንቷል።

ቁጥሮቹን ከዘመናቸው ነጥሎ ማንበብ ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። በሩጫ ሰዓት ይፈርዳል፤ የዛሬ 30 ዓመት የተሮጠ 10,000 ሜትር ዛሬም 10,000 ሜትር ነው፤ ጫማውና ትራኩ ቢለወጥም ርቀቱ አልተለወጠም። በሆኪ ግን ግብ ራሱ እንደ ገንዘብ ዋጋው ከፍና ዝቅ ይላል። በ1981-82 የውድድር ዘመን በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው በአማካይ 8 ግብ ያህል ያስቆጥሩ ነበር፤ በ2003-04 ይህ አማካይ ወደ 5 ገደማ ወርዶ ነበር። የመከላከል ስልት ጠብቋል፤ የግብ ጠባቂዎች ሥልጠናና ትጥቅም ተሻሽሏል። በ1988-89 70 ግብና 150 ነጥብ ያስመዘገበው በርኒ ኒኮልስ በጠቅላላው 1,209 ነጥብ ይዞ ያልተመረጠበት አንዱ ምክንያት ግብ እንደ ልብ በሚቆጠርበት ዘመን በመጫወቱ ነው የሚሉ አሉ። ሞጊልኒ በ1992-93 በ77 ጨዋታ ያስቆጠራቸው 76 ግቦችም የሚመጡት ከዚሁ ግብ ከሚበዛበት ዘመን ነው፤ ሆኖም በዚያ ዓመት እኩል 76 ያስቆጠረው ቴሙ ሴላኔ በ2017 ያለ አንዳች ጥበቃ መግባቱ ንጽጽሩን ለተሟጋቾቹ ቀላል አድርጎላቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ልማድ ይመራል፦ ትናንት የገባው ለነገ መለኪያ ይሆናል። «ኬቨን ሎው ከገባ እገሌ ለምን አይገባም?» የሚለው አነጋገር የዚህ ልማድ ምሳሌ ነው። ሎው 6 ዋንጫ ያነሣ ተከላካይ ሲሆን በ1,254 ጨዋታ ያስመዘገበው ነጥብ 431 ነው፤ ለተከላካዮች የሚሰጠውን ኖሪስ ሽልማት አላገኘም። በ2020 መመረጡን የሚደግፉ ሰዎች ያ የኤድመንተን ቡድን ያለ እሱ ዓይነት ተከላካይ ሊቆም አይችልም ነበር ይላሉ፤ አባባላቸውም ክብደት አለው። ችግሩ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን አብሮ ስለሚጽፍ ቀጣዩ ዳኛ የትኛው ፍሬ ነገር እንደወሰነ ማወቅ ሲችል፣ ኮሚቴው የሚያወጣው ስም ብቻ መሆኑ ነው። ሎው የገባው በዋንጫዎቹ ብዛት ከሆነ ለኦስጉድ ይጠቅማል፤ ጸጥ ባለ የመከላከል ብቃቱ ከሆነ ደግሞ ምርጥ ተከላካይ አጥቂ የሚባለውን ሴልኪ ሽልማት ሁለት ጊዜ ወስዶ በ2006 የካሮላይና አምበል ሆኖ ዋንጫ ላነሣው ሮድ ብሪንዳሙር ይጠቅማል። ምክንያቱ ስላልተጻፈ ሁለቱም ወገኖች እኩል ሊጠቅሱት ይችላሉ።

ባህርይ የሚለው ቃል

በደንቡ ውስጥ «ባህርይ» የሚል ቃል መኖሩ ክርክሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። አዳራሹ በዚህ ረገድ መራራ ትምህርት ያገኘው በተጫዋች አልነበረም። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ የነበረው አለን ኢግልሰን በ1989 በገንቢነት ከተመረጠ በኋላ በ1998 በማጭበርበር ወንጀል ተፈረደበት፤ ቦቢ ኦርንና ጎርዲ ሀውን ጨምሮ ታላላቅ ተጫዋቾች እሱ ከቀረ እኛ እንወጣለን ሲሉ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ።

በተጫዋቾች በኩል ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ቲዮረን ፍሉሪ ነው። ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነው ይህ አጥቂ በ1,084 ጨዋታ 1,088 ነጥብ አስመዝግቧል፤ በ1989 ስታንሊ ዋንጫን፣ በ2002 ደግሞ የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቷል። ከሱስ ጋር ያደረገውን ትግል ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። እሱን ውጭ ያቆመው ይህ ነው ወይ ለሚለው ማስረጃ የለም፤ ብዙ ሰው ግን እንዲያ ያስባል። አንድ ሰው በሕመሙ ምክንያት ክብር ተነፍጎት እንደሆነ መጠርጠሩ ብቻ ለተቋሙ ጉዳት ነው፤ እውነት ካልሆነ ደግሞ ኮሚቴው ሐሜቱን የሚያስተባብልበት መንገድ በራሱ ደንብ ተዘግቶበታል።

ከሊጉ ውጭ ያለው ሆኪ

የተቋሙ ስም የሆኪ የዝና አዳራሽ ነው፤ የኤንኤችኤል አይደለም። በተግባር ግን ለረጅም ጊዜ በሩ የተከፈተው ለሊጉ ሰዎች ነበር። በሶቪየት ኅብረት ሆኪ ካደጉት በተጫዋችነት የተመረጠ የመጀመሪያው ግብ ጠባቂው ቭላዲስላቭ ትሬትያክ ሲሆን የገባው በ1989 ነው። ቫለሪ ኻርላሞቭ በ2005፣ ሰርጌይ ማካሮቭ በ2016 ተከተሉ። የሶቪየት ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረው ቦሪስ ሚኻይሎቭ እስካሁን አልገባም።

ሴቶች መመረጥ የጀመሩት በ2010 በአንጄላ ጄምስና በካሚ ግራናቶ ነው። ደንቡ በዓመት ሁለት ሴቶችን ቢፈቅድም ከዚያ በኋላ በ2011፣ በ2012፣ በ2014 እና በ2016 አንዲትም ሴት ተጫዋች አልተመረጠችም፤ ሁለቱም ቦታዎች እንደገና የተሞሉት በ2024 ነው። የሴቶች ሆኪ ኦሊምፒክ የገባው በ1998 ስለሆነ ብቁ ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው የሚለው መከራከሪያ በ2011 ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ በ2016 ግን አስቸጋሪ ነው። ለካናዳ 4 የኦሊምፒክ ወርቅ ያነሣችው ካሮሊን ኡዌሌት የገባችው በ2023 ነው።

የመደብ ጥያቄም አለ። በ1958 በኤንኤችኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ዊሊ ኦሪ በ2018፣ የሊጉ በር ፈጽሞ ያልተከፈተለት የቶሮንቶው ኸርብ ካርኔጊ ደግሞ ካረፈ ከ10 ዓመት በኋላ በ2022 የገቡት ሁለቱም በገንቢነት ነው። ይህ ክብራቸውን አይቀንስም። ሆኖም ካርኔጊ በ1940ዎቹ በኩቤክ ሊግ ከነበሩት ድንቅ ተጫዋቾች አንዱ ስለነበር፣ በተጫዋችነት ያልተመዘነው በኤንኤችኤል የተመዘገበ ቁጥር ስለሌለው ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ቁጥሩን የከለከለውም ያው ሊግ ነውና።

ምስጢሩ ይቅር ቢባል

ለምስጢራዊነቱ የሚሰጠው መከላከያ ቀላል አይደለም። የሆኪ ዓለም ጠባብ ነው፤ የኮሚቴው አባላት ስለ ቀድሞ የቡድን ጓደኞቻቸውና ተቀናቃኞቻቸው ነው የሚፈርዱት። ድምፃቸው ቢገለጥ ወዳጅነትና ቂም ከምዘናው በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ለተሸናፊውም ማሰብ ይገባል፤ ከ18 ድምፅ 2 ብቻ አገኘህ ተብሎ በጋዜጣ መውጣት አንድን ትልቅ ተጫዋች በስተርጅናው ያዋርደዋል።

ነገር ግን የየአባሉን ስም ሳይገልጡ የድምፁን ብዛት ብቻ ማውጣት ይቻላል። የቤዝቦል የዝና አዳራሽ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ወደ 400 የሚጠጉ ጋዜጠኞች ድምፅ ይሰጣሉ፤ እዚያም የማለፊያው ነጥብ 75 በመቶ ሲሆን የእያንዳንዱ ዕጩ ውጤት በየዓመቱ ይነገራል። ይህ ፍጹም ሥርዓት ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ዕጩ በዝርዝሩ ላይ የሚቆየው ከ10 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ክርክሩም አንዳንዴ ወደ ምርጫ ዘመቻ ይለወጣል። ጥቅሙ ክርክሩ ወዴት እንደሚሄድ መታየቱ ነው። ካናዳዊው ላሪ ዎከር፣ በልጅነቱ የሆኪ ግብ ጠባቂ ለመሆን ይመኝ የነበረው ሰው፣ በ2011 በ20.3 በመቶ ጀምሮ በ2014 ወደ 10.2 በመቶ ወረደ። ያ አኃዝ በአደባባይ ስለነበር፣ ቁጥሮቹ ሲጫወትበት ከነበረውና ኳስ ርቆ ከሚበርበት ከኮሎራዶ ቀላል አየር ተነጥለው እንዴት መታየት እንዳለባቸው ለዓመታት ተጻፈ፤ ተቃዋሚዎቹም መልስ ሰጡ፤ አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ቀየሩ። በ2020፣ በመጨረሻው ዕድሉ፣ በ76.6 በመቶ ገባ።

ከዎከር ጋር የሚመሳሰል ጉዞ ሞጊልኒ አድርጎ ሊሆን ይችላል። በ1982 ጨዋታ አቁሞ በ2016 የገባው ግብ ጠባቂ ሮጊ ቫሾንም ከ1985 ጀምሮ ብቁ ሆኖ ሳለ በ31 ዓመት ጥበቃው ውስጥ ስንት ጊዜ ለ14 እንደተጠጋ የሚያውቁት በዚያ ክፍል የተቀመጡት ብቻ ናቸው፤ እነሱም እንዳይናገሩ ቃል አለባቸው።